ጠይሙ ልጅ በስፔክትረም ላይ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ለድሮው የቤት ኮምፒውተር፣ ለዜድኤክስ ስፔክትረም 48፣ ጌም እየጻፍኩ ነው። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ቀን ሜዳ ላይ ይውላል፣ ማታ ዋሻ ውስጥ ጅብ ያሳድደዋል። ቀለሞቹ ግን አስጠሉኝ። ልጁን ጠይም ላድርገው ብል ያለኝ ምርጫ ቢጫ ወይም ቀይ ነው። ዩኤልኤ ፕላስ የሚባለው 64 ቀለም ይሰጣል ሲሉ ሰማሁ። እሱን ብጠቀም ልጁ በጭድ ክምሩ ፊት ሲያልፍ የሚፈጠረው የቀለም መጋጨት ይጠፋልኛል? የድሮ ጌሞችንስ በዚሁ መንገድ ማሳመር ይቻላል?»

ወንድሜ፣ ስለ መጋጨቱ የጠየቅከውን ላስቀድም፤ አይጠፋም። ዩኤልኤ ፕላስ የቀለሞቹን ማንነት ይቀይራል እንጂ በአንድ ካሬ ውስጥ የሚገቡትን ቀለሞች ቁጥር አይጨምርም። ይህን ሳይለዩ የሚጀምሩ ሰዎች ፓሌት (የቀለም ስብስብ) ሲመርጡ ይከርሙና መጨረሻ ላይ «ያው ነው» ብለው ይተዉታል። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ምክንያቱን ለማየት ማሽኑ ወደተወለደበት ጊዜ መመለስ ይበጃል። ስፔክትረም በ1982 እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ርካሹ ሞዴል 125 ፓውንድ ነበር፤ የነበረው ራምም 16 ኪሎባይት ብቻ። ስክሪኑ 256 በ192 ፒክስል ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ከ16 ቀለም አንዱን ይያዝ ቢባል 24,576 ባይት ይፈልጋል፤ ያ ከማሽኑ ጠቅላላ ራም ይበልጣል። የሃርድዌሩ ነዳፊ ሪቻርድ አልትዋሰር ያገኘው መውጫ ቅርጹን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ቅርጹ በፒክስል አንድ ቢት ይዞ 6,144 ባይት ይወስዳል። ለቀለሙ ደግሞ ስክሪኑ 8 በ8 ፒክስል በሆኑ 768 ካሬዎች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ አንድ ባይት። ድምሩ 6,912 ባይት ሆነ፣ ነገሩም ተቻለ።

በእኛ ቋንቋ ብራና ላይ የሚጻፍበትንም፣ ቀይ አረንጓዴ የምንለውንም «ቀለም» ስለምንለው እዚህ ላይ ነገር ይደበላለቃል። ስለዚህ በካሬው ውስጥ ቅርጹ የሚሳልበትን የፊት ቀለም ኢንክ፣ ከኋላው ያለውን የጀርባ ቀለም ፔፐር እያልኩ ልቀጥል። አንድ ካሬ አንድ ፔፐርና አንድ ኢንክ አለው፤ ሦስተኛ አይገባም። ልጅህ አረንጓዴ ሣር ያለበትን ካሬ በግማሽ እግሩ ሲረግጥ ወይ ሣሩ የልጁን ኢንክ ይወስዳል፣ ወይ ልጁ የሣሩን። መጋጨት የምትለው ይኸው ነው፤ የቀለም ማነስ የፈጠረው ችግር አይደለም፣ የካሬው ስፋት የፈጠረው ነው።

የካሬዋ ባይት ስምንት ቢቶች አሏት፦ ሦስቱ ኢንኩን፣ ሦስቱ ፔፐሩን ይናገራሉ፤ አንዱ ብራይት (ማድመቂያ)፣ አንዱ ፍላሽ (ማብለጭለጫ) ነው። ሦስት ቢት ማለት አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራቶች እያንዳንዳቸው «በርቷል» ወይም «ጠፍቷል» ማለት ነው። ስምንት ቀለም ይወጣል፤ ብራይት ሲጨመር ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር 15 ይሆናል። በዚህ ስሌት ቡኒ የለም፣ ብርቱካናማም የለም። ቡኒ እኮ ቀይ ብዙ፣ አረንጓዴ ትንሽ ነው፤ «ትንሽ» የሚባለው ነገር ደግሞ ይህ ማሽን አያውቅም። ቀለሞቹ ፌራንቲ የሠራው ዩኤልኤ የተባለው ቺፕ ውስጥ በሽቦ የታሰሩ ናቸው፤ ከፕሮግራም ሆኖ የሚቀየር ምንም ነገር የለም። ልጅህ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው።

ሰዎች ይህን ለማምለጥ ያልሞከሩት የለም። በ1989 ዌልስ ውስጥ የተሠራው ሳም ኩፔ እያንዳንዱ ፒክስል ከ16 ቀለም የፈለገውን እንዲይዝ፣ እነዚያም ከ128 እንዲመረጡ አደረገ። መጋጨት የሚባል የለውም፤ ነገር ግን ስክሪኑ 24 ኪሎባይት ሆነና ፕሮሰሰሩ ሥዕል ለማንቀሳቀስ ብዙ እጥፍ መሥራት ግድ ሆነበት። ታይሜክስ የተባለው ኩባንያ በበኩሉ ካሬውን 8 በ1 አጠበበው፤ የቀለሙ መረጃ ከቅርጹ እኩል 6,144 ባይት ሆነ። በተራው ማሽን ላይም የኤይናር ሳውካስ ኒርቫና ኤንጂን የቲቪውን ጨረር እየተከተለ የካሬዎቹን ባይት ይቀይርና ካሬው 8 በ2 የሆነ ያስመስላል፤ በጣም ያምራል፣ ነገር ግን ስክሪኑ በሚሳልበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ ለሌላ ሥራ አይገኝም። ጅብህ የሚያስብበት ጊዜ ያጣል።

ዩኤልኤ ፕላስን ከእነዚህ የሚለየው ጨዋነቱ ነው። አንድሩ ኦወን ያረቀቀው ይህ ደንብ የስክሪኑን አቀማመጥ በአንድ ባይት እንኳ አይነካም። ያው 6,912 ባይት፣ ያው ኢንክ፣ ያው ፔፐር። የሚለወጠው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ነው። ፍላሽና ብራይት የነበሩት ሁለት ቢቶች ከአራት የቀለም ገበታዎች አንዱን መምረጫ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ገበታ 8 የኢንክና 8 የፔፐር ቀለም አለው። አራት ጊዜ 16፣ 64 ሆነ። እነዚህን 64 ቦታዎች ከ256 ቀለም መርጠህ ትሞላለህ።

ቦታውን ለማግኘት የገበታውን ቁጥር (ከ0 እስከ 3) በ16 ታባዛና ለኢንክ ከሆነ የኢንኩን ቁጥር፣ ለፔፐር ከሆነ 8 ጨምረህ የፔፐሩን ቁጥር ትደምራለህ። የልጅህ ኢንክ 6 በዜሮኛው ገበታ ቦታ 6 ነው፤ ብራይት ሲበራ ቦታ 22 ይሆናል። የስክሪኑ ዳር የሚቀባው ከዜሮኛው ገበታ ፔፐሮች፣ ከቦታ 8 እስከ 15 ካሉት ነው፤ ሰማዩን በሌላ ገበታ ሠርተህ ዳሩ ሳይመሳሰልህ ሲቀር እንዳትደነግጥ።

የቀለሙ ባይት ደግሞ አረንጓዴ ሦስት ቢት፣ ቀይ ሦስት ቢት፣ ሰማያዊ ሁለት ቢት ነው። አረንጓዴውን በ32፣ ቀዩን በ4 አባዛና ሰማያዊውን ደምር። አረንጓዴ 2፣ ቀይ 4፣ ሰማያዊ 0 ካልክ 64 ሲደመር 16፣ 80 ይመጣል። ይኸውልህ ጠይም! ጠቆር ያለ ከፈለግህ 44ን ሞክር፤ የቀይ ዳማ ፊት ከሆነ 153።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንከን አለ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የምማረርበት ነው። ሰማያዊው ሁለት ቢት ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው ቢት ከሁለቱ ይሰላል፤ አንዳቸው ከበሩ ይበራል። ስለዚህ ከ0 እስከ 7 ካሉት ስምንት ደረጃዎች ሰማያዊው የሚደርስባቸው 0፣ 3፣ 5 እና 7 ብቻ ናቸው። ከ0 ወደ 3 ዘሎ ነው የሚሄደው። ግራጫ ለመሥራት ሦስቱም እኩል መሆን ስላለባቸው ከጥቁርና ከነጭ መካከል ያሉህ ትክክለኛ ግራጫዎች ሁለት ናቸው፦ 109 እና 182። ለዋሻህ ድንጋይ ብዙ ዓይነት አመድማ ቀለም ካሰብክ አሁኑኑ ተወው፤ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቡኒ የሚያዘነብል ድንጋይ አድርገው። በሰው ቆዳ ላይም ያው ነው፤ ጠቆር ያሉት ቡኒዎች ሰማያዊ ፈጽሞ ስለሌላቸው ትንሽ ይግላሉ። 116 ብትሞክር ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ 117 ስታደርገው ድንገት ሮዝ ይሆናል። መሐል የለም። በጥቁር ጀርባ ላይ ስታያቸው ዓይን ይለምዳቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ። አብዛኛው ጀማሪ ገበታዎቹን በዕቃ ይከፍላል፦ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለእንስሳ፣ አንዱ ለመሬት። አይሠራም። ልጁ መሬት ላይ ሲቆም ኢንኩ የልጁ፣ ፔፐሩ የመሬቱ ነው፤ የካሬው ባይት ግን የምትመርጠው አንድ ገበታ ነው። ልጁ በሰው ገበታ ከመጣ መሬቱ ከእግሩ ሥር ቀለሙን ይቀይራል፤ ድሮ ከነበረው የባሰ መጋጨት ይሆናል። ስለዚህ በቦታ ክፈል። የሜዳው ገበታ የሜዳውን ፔፐሮች ሁሉ ይያዝ፤ ሜዳ ላይ የሚራመድ ሁሉ፣ ልጁም ፍየሉም፣ በዚያው ገበታ ውስጥ ኢንክ ይሰጠው። የጠይሙ ቀለም ልጁ በሚደርስበት ገበታ ሁሉ ኢንክ 6 ላይ ይደገማል። 64 ሲሉህ ብዙ ይመስላል እንጂ ድግግሞሹ ሲቀነስ በእጅህ የሚቀረው አርባ ቢሆን ነው።

ስለ ክምሩም አስብ። አሁን ቢጫ ፔፐር ላይ አድርገኸው ከሆነ በተራው ስፔክትረም ላይ ልጁ ፊቱ ሲቆም ቢጫ በቢጫ ሆኖ ይጠፋል። ክምሩን ወደ ፔፐር 2 አውርደው። በተራው ማሽን ቀይ ይመስላል፣ ያን ያህል አይከፋም፤ በዩኤልኤ ፕላስ ግን ቦታ 10 ላይ 184 ጻፍና የደረቀ ጭድ ወርቃማ ቀለም ይሆንልሃል። ኢንክ 2 በሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ የጅቡን ምላስ ቀይ አድርገህ መተው ትችላለህ።

ይህ የኢንክና የፔፐር መለያየት ግን ወጥመድም አለው። በተራው ማሽን ጥቁር ኢንክ በጥቁር ፔፐር ላይ አይታይም፤ የቆዩ ፕሮግራመሮች ገና ያልተሳለን ነገር የሚደብቁት እንዲህ ነው። በዩኤልኤ ፕላስ ኢንክ 0 እና ፔፐር 0 ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። አንዱን ጥቁር፣ ሌላውን የሌሊት ሰማያዊ ካደረግህ የተደበቀው ሁሉ ፊት ለፊት ይወጣል። እንደዚሁ ግድግዳህን አንዱን ካሬ በኢንክ ሞልተህ፣ ጎረቤቱን በፔፐር ብቻ ትተህ ከሠራኸው መካከላቸው ስፌት ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ላይ አራቱንም ገበታዎች በተራው ማሽን ቀለሞች ሙላቸው። ከጥቁር እስከ ነጭ በቅደም ተከተል 0፣ 2፣ 20፣ 22፣ 160፣ 162፣ 180፣ 182 ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ለብራይቱ 0፣ 3፣ 28፣ 31፣ 224፣ 227፣ 252፣ 255። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀየርክ ምን እንደተበላሸ እይ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አያገኘውም።

ሌላው ፍላሽ ነው። ዩኤልኤ ፕላስ ሲበራ መብለጭለጭ የሚባል ነገር ይቀራል። ብልጭ ድርግም እንዲል የምትፈልገው ጽሑፍ ካለህ በየ16 ፍሬሙ (ፍሬም ማለት አንድ ሙሉ የስክሪን ሥዕል ነው) የኢንኩንና የፔፐሩን ቀለም በገበታው ውስጥ ራስህ አቀያይራቸው። የባሰው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ገበታ ለማግኘት የፍላሽ ቢት ማብራት አለብህ፤ ያንኑ ጌም በተራ ማሽን የጫነ ሰው ደግሞ ዋሻህ በሙሉ እንደ ምሽት ቤት መብራት ሲብለጨለጭ ያያል። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ለወዳጄ ሳሳየው የሆነው ይህ ነው፤ «ጀነሬተር ነው እንዴ?» አለኝ።

ስለዚህ ለአንተ ጌም እንዲህ ባደርግ እላለሁ። በሜዳውም በዋሻውም ሁለቱን የመጀመሪያ ገበታዎች ብቻ ተጠቀም፤ አንዱ ለብርሃኑ፣ አንዱ ለጥላው። ተጫዋቹ ሜዳውንና ዋሻውን ባንድ ጊዜ አያይም፤ ልጁ ዋሻ ሲገባ እነዚያን 32 ቦታዎች በዋሻ ቀለሞች እንደገና ትሞላለህ። ማምሻውም እንዲሁ ነው፤ ከ768ቱ የካሬ ባይቶች አንዱንም ሳትነካ ቀለሞቹን ብቻ በየጥቂት ፍሬሙ አንድ ደረጃ ዝቅ እያደረግህ ፀሐይ ታጠልቃለህ። ውጤት የሚጻፍበትን የላይኛውን መስመር በሦስተኛው ገበታ አድርገውና መሬቱ ሲጨልም እሱ እንዳለ ይቆያል። ማሽኑ ተራ መሆኑን ካወቅህ ግን የፍላሹን ቢት ከባይቱ ላይ አጥፋው፤ ባይቱን ከ127 ጋር «ኤንድ» ማድረግ ይበቃል።

ማሽኑ ዩኤልኤ ፕላስ እንዳለው እንዴት ታውቃለህ? ፖርት (ፕሮሰሰሩ ከሌሎች ቺፖች ጋር የሚነጋገርበት በር) 48955 ላይ የቦታውን ቁጥር ትጽፋለህ፣ ፖርት 65339 ላይ ቀለሙን። ከዚያ ከሁለተኛው ፖርት መልሰህ አንብብ፤ የጻፍከው ካልተመለሰ ተራ ማሽን ነው። በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ፈትን፤ ተራው ስፔክትረም ባዶ ፖርት ሲነበብ ስክሪኑ ሲሳል በመስመሩ ላይ ያለፈ ባይት ሊመልስ ይችላል፣ አንዴ በአጋጣሚ ይገጥማል። እነዚህ ፖርቶች የዋናውን ዩኤልኤም ሆነ የስፔክትረም 128ን የድምፅ ቺፕና የራም መቀያየሪያ አይነኩም፤ ስለዚህ ዩኤልኤ ፕላስ በሌለው ማሽን ላይ ብትጽፍባቸው የሚደርስ ጉዳት የለም። አንድ ጌም ለሁለቱም ይሆናል። የዩኤልኤ ፕላስን ሁነታ ለማብራት በመጀመሪያው ፖርት 64፣ በሁለተኛው 1 ጻፍ።

ፍጥነቱ አያስጨንቅህ። የሁለቱ ፖርቶች ዝቅተኛ ባይት 59 ሲሆን አይለወጥም፤ በስፔክትረም ፕሮሰሰር በዜድ80 ላይ «ሲ» ሬጅስተር ውስጥ 59ን አስቀምጠህ «ቢ»ን ብቻ በ191ና በ255 መካከል ታቀያይራለህ። ቀላል ዙር ብትጽፍ ለአንድ ቀለም 71 የሰዓት ምት ይወስዳል፤ 64ቱም ሲሞሉ ወደ 4,500 ነው። አንድ ፍሬም 69,888 ምት አለው፤ ከኢንተራፕቱ (በየፍሬሙ መጀመሪያ ለፕሮሰሰሩ ከሚደርሰው ምልክት) ጀምሮ ጨረሩ የሥዕሉን መጀመሪያ እስኪደርስ ደግሞ 14,336 ምት ገደማ አለህ። ኢንተራፕቱ እንደመጣ ከጀመርክ ከጨረሩ ቀድመህ ትጨርሳለህ፤ ስክሪኑ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ማታ ሆኖ አይታይም።

ወደ ድሮ ጌሞች ስንመጣ፣ ይቻላል፤ አንዳንዴም ከገመትከው በላይ ይቀላል። የቀለም ሬጅስተሮቹ ሌላ ጌም ሲጫን አይጠፉም። ስለዚህ አጭር የቤዚክ ፕሮግራም ጻፍ፤ ከ0 እስከ 63 እየቆጠረ ቀለሞቹን ከዳታ መስመር አንብቦ ወደ ሁለቱ ፖርቶች ይላክ፣ ሁነታውን ያብራ፣ ከዚያ ጌሙን ይጫን። ጌሙ ምንም ሳያውቅ በአዲስ ልብስ ይወጣል።

የካሬ ባይቶቹን ራሳቸውን ለመቀየር ከመነሳትህ በፊት ግን ቆም በል። በ1983 የወጣውን ማኒክ ማይነርን ውሰድ። ጌሙ አንድ ካሬ ወለል ይሁን ግድግዳ ወይም የሚገድል ነገር የሚያውቀው የካሬውን የቀለም ባይት አንብቦ ነው። ማዕድን ቆፋሪው ዕቃ ማንሳቱን የሚያውቀው እንኳ ኢንኩ ነጭ ሆኖ እንደሆነ በማየት ነው። እዚያ ቀለም የጌሙ ሕግ ነው፤ አንዷን ባይት ለውበት ብለህ ብትቀይር ሰውየው ወለሉን አልፎ ይወድቃል። ፓሌቱን ስትቀይር ግን ባይቱ እንዳለ ይቆያል፣ ሕጉም አይፈርስም። ሆኖም የሚነሱት ዕቃዎች ከኢንክ 3 እስከ 6 እየተሽከረከሩ ቀለም ስለሚለዋወጡ ከእነዚህ ኢንኮች አንዱን ለሌላ ነገር ብለህ ቡኒ ብታደርገው ቁልፉም በየተራው ቡኒ ይሆናል። የምትወደውን ብቻ መርጠህ መቀየር አትችልም፤ ማን ምን ቁጥር እንደሚጠቀም ወረቀት ላይ ጻፍና ጀምር።

እንደ ናይት ሎር ያሉት፣ ከመጋጨት ለመሸሽ ሜዳቸውን ባንድ ኢንክ የሠሩት ጌሞች ግን ብዙም አያተርፉም። ቢጫው በጥቁር ላይ የነበረው ክፍል ወርቃማው በጠቆረ ሐምራዊ ላይ ይሆናል፤ ያምራል፣ ግን ያው ሁለት ቀለም ነው። ለእነሱ ብለህ ብዙ አትድከም።

መሞከሪያ ለማግኘት ሻሲ መክፈት አያስፈልግህም። ዚሳሩክስ የተባለው ኢሙሌተር (በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስፔክትረምን የሚያስመስል ፕሮግራም) ዩኤልኤ ፕላስን ያውቃል፤ ዜድኤክስ ኡኖ እና ስፔክትረም ኔክስት የተባሉት አዳዲስ ማሽኖችም እንዲሁ። በ1982ቱ ማሽን ላይ ግን ተጨማሪ ሃርድዌር ካልተገጠመ ወይም ዋናው ቺፕ ካልተተካ አይሆንም።

ያሳመርከውን የድሮ ጌም ለሰው ልታካፍል ከፈለግህ ጌሙን ራሱን አትስጥ፤ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። 64ቱን የቀለም ባይቶችና አጭሯን የቤዚክ ፕሮግራም ብቻ ስጥ። የመግቢያ ሥዕል ከሆነ ደግሞ የተለመደው ፋይል 6,912 ባይት ነው፤ 64ቱ ከኋላው ሲቀጠሉ 6,976 ይሆናል። የልጁንና የክምሩን ሥዕል እንዲህ አድርገህ ላክልኝ፤ ጠይሙን 80 ነው ወይስ 44 የሚሻለው፣ አብረን እናየዋለን።